«የተዳከመ» ወይስ «የተገራ»? በአፍ ስለሚሰጡ የቫይረስ ክትባቶች ስያሜ የቀረበ ሒስ

አንድ የሙያ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁለት ዳኞች ይጠብቁታል። አንደኛው የሙያው ባለቤት ነው፤ ቃሉ ነገሩን በትክክል ይዟልን? ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ቋንቋውን በየዕለቱ የሚናገረው ሕዝብ ነው፤ ቃሉን ሲሰማ ምን እንደሚታሰበው ማንም ሳይጠይቀው በተግባር ይመልሳል። የስያሜ ሥራ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ዳኛ አስደስቶ የሁለተኛውን ፍርድ ሳይሰማ ይዘጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአፍ የሚሰጡና በሕይወት ካሉ፣ ነገር ግን የመጉዳት ኃይላቸው ከተቀነሰ ቫይረሶች የሚሠሩ ክትባቶችን የምንጠራባቸውን ቃላት በሁለቱም ዳኞች ፊት አቁሞ መመርመር ነው።

ለምርመራው መነሻ የመረጥነው ስለ ዓሣማ የአንጀት ቫይረሶች የተጻፈውን ሳይንስ ነው። ምርጫው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ይመስል ይሆናል። በአገራችን ዓሣማ የሚረባው በጥቂት ቦታዎች፣ በተለይም በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብም በሃይማኖት ምክንያት ሥጋውን አይበላም። ሆኖም በአፍ የሚሰጥ ክትባት አንጀትን እንዴት እንደሚጠብቅ በጥልቀት ከተጠናባቸው እንስሳት አንዱ ዓሣማ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ያልለመድነው ርእሰ ጉዳይ የቃላቶቻችንን ስንጥቅ ከለመድነው ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

፩. የእንስሳው ስም

ስንጥቁ ከእንስሳው ስም ይጀምራል። በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ብቻ ይህን በጉልህ ማየት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ወንጌል በግዕዙ «ሐራውያ»፣ ሲበዛ «አሕርው» ይለዋል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «እሪያ» ይላል። ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ የሚወርድ ሰው የጣሊያን ምግብ በሚቀርብባቸው ቤቶች የሥጋውን ስም በባዕድ ቃል ሊያገኘው ይችላል። የእንስሳት ሐኪሙ «ዓሣማ» ይላል። ዱሩን የሚያውቅ ሰው «ከርከሮ» ሲል የሚጠራው የዱር ዘመዱን ነው።

እነዚህ ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም። በእንስሳት ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ «እሪያ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ የአንባቢውን ሐሳብ አጋንንት ወደ ገቡበት መንጋ ይወስደዋል። ለሙያ ጽሑፍ የሚስማማው «ዓሣማ» መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ከስሙ በኋላ የሚመጣው ባዶ ቦታ ነው። ስለ ከብት ስንናገር ጥጃ፣ ጊደር፣ ወይፈን፣ ላም፣ ኮርማ፣ በሬ እያልን በዕድሜና በፆታ እንለያለን። ለዓሣማ ግን እናቲቱን ከልጇ የምንለይበት የራሱ የሆነ ቃል የለንም። ስለዚህ «እናት ዓሣማ» እና «የዓሣማ ግልገል» እያልን በግልጽ ማስቀመጥ ይበቃል። ሕዝብ የማያውቀውን ከግዕዝ ሥር አውጥቶ አዲስ ቃል መቅረጽ አንባቢውን ሁለት ጊዜ ማስቸገር ነው፤ አንድ ጊዜ በእንስሳው፣ አንድ ጊዜ በቃሉ።

፪. «ክትባት» የያዘው ታሪክ

«ከተበ» በግዕዝ ጻፈ ማለት ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የተጻፈ ብራና «ክታብ» የሚባለው ከዚሁ ሥር ነው። «ክትባት» የሚለው የአማርኛ ቃልም ቆዳን በስለት ጭሮ ምልክት የማኖርን ሐሳብ ይዞ የመጣ ነው። ይህ በከንቱ አልሆነም። ዘመናዊው ክትባት ከመስፋፋቱ በፊት በአገራችን ፈንጣጣን ለመከላከል ከታማሚ ቁስል የተወሰደ ፈሳሽ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ በስለት ተጭሮ ይገባ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ይህን አሠራር ጽፎታል፤ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትም በኋላ በሰፊው አጥንተውታል።

እንግዲህ ቃላችን ሲወለድ ያመለከተው ኃይሉ ያልተቀነሰውን፣ እውነተኛውን በሽታ በጥቂቱ መስጠትን ነበር። ዛሬ በዚያው ቃል የምንጠራው ግን በቤተ ሙከራ የተለወጠውን ነገር ነው። ሁለቱን መለየት የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በውጭ አገር የሚገኙ የዓሣማ አርቢዎች የአንጀት ቫይረስ ወደ በረታቸው በገባ ጊዜ የታመሙ ግልገሎችን አንጀት ፈጭተው ወይም ዓይነ ምድራቸውን ከመኖ ጋር ቀላቅለው ለእርጉዝ እናቶች የሚያበሉበት ልማድ አለ። ዓላማው እናቶቹ አስቀድመው ታመው በወተታቸው ልጆቻቸውን እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። ይህን «በአፍ የሚሰጥ ክትባት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ኃይሉ ያልተቀነሰውን በሽታ ከተመረመረና ከተለካ ክትባት ጋር አንድ ያደርጋል። አማርኛ ለዚህ ቀላል መለያ አለው፤ «በሽታውን ሆን ብሎ ማስያዝ» ይበቃል። የቀድሞውን የፈንጣጣ አሠራር ስንገልጽም ይኸው መለያ ያገለግላል።

ሌላው ችግር «ክትባት» የሚለው ቃል ድርጊቱንም ዕቃውንም መጥራቱ ነው። «ክትባቱ ተበላሸ» የሚል ዐረፍተ ነገር ዘመቻው አልተሳካም ማለት ነው ወይስ ብልቃጡ ቅዝቃዜ አጥቶ ከጥቅም ውጭ ሆነ? እንዲህ ያለውን መድልት ለማስወገድ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። «ክትባት» ለዕቃው ይቅር፤ ለድርጊቱ «መከተብ» እና «ማስከተብ» አሉ። አንዳንድ ጽሑፎች ዕቃውን «የክትባት መድኃኒት» ይሉታል፤ ይህ ግን መከላከልን ከመፈወስ ጋር ያደበላልቃል። የታመመ ልጅ ይዛ መጥታ መድኃኒት ስትጠብቅ ክትባት የተሰጣት እናት በቃሉ ብትታለል አይፈረድባትም።

ሕዝቡ በበኩሉ የራሱን መፍትሔ አግኝቷል። «መርፌ» እና «ጠብታ» ብሎ ይለያል። የፖሊዮ ዘመቻ ሠራተኞች በየቤቱ ሲዞሩ ለልጁ በአፉ ጠብታ ይሰጡታል፤ ከዚያም የትንሿን ጣቱን ጥፍር በቀለም ያቀልሙታል፤ በቤቱ በር ላይም በጠመኔ ምልክት ይጽፋሉ። ቆዳ የሚጭር ስለት ቀርቶ ጽሕፈቱ ወደ ጣትና ወደ በር ሄዷል እንጂ «ከተበ» የሚለው ግሥ ከሥራው አልተባረረም። ስለዚህ «ክትባት መርፌ ካልሆነ በአፍ የሚሰጠውን ክትባት ማለት ስሕተት ነው» የሚለው የአንዳንድ ሊቃውንት ክርክር አያስኬድም። ቃል ከሥሩ ርቆ መኖር ይችላል። ነገር ግን ለቅጽሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ «አፋዊ ክትባት» የሚለው አጭር ትርጉም ከልብ ያልሆነ፣ የአፍ ብቻ የሆነ ክትባት ስለሚመስል መጣል አለበት። «በአፍ የሚሰጥ ክትባት» ረዘም ቢልም የሚለውን ብቻ ይላል።

፫. «የተዳከመ» ምን ያሰማል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ቫይረስን ለክትባት የማዘጋጀት አንዱ ጥንታዊ ዘዴ ቫይረሱን ከለመደው አካል አውጥቶ በሌላ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ደጋግሞ ማሸጋገር ነው። ለምሳሌ በደቡብ ኮሪያ የዓሣማን ወረርሽኛዊ ተቅማጥ ለመከላከል አንድ የቫይረስ ዝርያ በሕብረ ሕዋስ 100 ጊዜ ያህል ከተሸጋገረ በኋላ በአፍ ለሚሰጥ ክትባት አገልግሏል። በዚህ ረጅም ጉዞ ቫይረሱ ለአዲሱ ኑሮው ይስማማል፤ በቀድሞ ባለቤቱ ላይ የነበረው ጎጂነት ይቀንሳል። ግን አይሞትም፤ መራባቱንም አይተውም። በአንጀት ውስጥ ካልተራባ ክትባቱ ጥቅም የለውም።

ይህን ቫይረስ «የተዳከመ» ብለን መጥራት ከጀመርን ቆይተናል። ቃሉ በሙያው ዳኛ ፊት ያልፋል። በሁለተኛው ዳኛ ፊት ግን ሁለት ክስ ይቀርብበታል። አንደኛ፣ «በሽተኛው ተዳክሟል» ስንል ወደ ሞት ተቃርቧል ማለታችን ነው። ስለዚህ «የተዳከመ ቫይረስ» የሚሰማ ሰው ግማሽ ሬሳ የሆነ ነገር ይታሰበዋል፤ ከዚያ ወደ «የሞተ ቫይረስ» አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ በንግግርም በጽሑፍም ሁለቱ እየተለዋወጡ የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ የደከመ ሰው ሲያርፍ ይበረታል። የደከመ ቫይረስም አርፎ የሚበረታ ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ እንዲህ ያለ ቫይረስ ጎጂነቱን መልሶ ሊያገኝ የሚችለው በማረፍ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ደጋግሞ በመራባት ነው።

የጉልበት ማነስን ሐሳብ የዓሣማ ሳይንስ ራሱ ይቃወመዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በቤልጅግ በዓሣማዎች ዘንድ አዲስ ቫይረስ ታወቀ። ይህ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ከተገለጸው፣ ተላላፊ የጨጓራና የአንጀት ብግነት ከሚያስከትለው ኮሮናቫይረስ የወጣ ነው። አሮጌው ቫይረስ ከሁለት ሳምንት ዕድሜ በታች ያሉ ግልገሎችን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይገድላል። አዲሱ ግን ከውጫዊ ፕሮቲኑ ዘረመል አንድ ክፍል ስለጎደለው አንጀትን ትቶ በመተንፈሻ አካል ይኖራል። በዚያ ቦታ በብርቱ ይራባል፤ ከእንስሳ ወደ እንስሳም በቀላሉ ይተላለፋል። ታዲያ ይህ ቫይረስ «ደከመ» ይባላልን? ያጣው ጉልበቱን ሳይሆን የሚገድልበትን ቦታ ነው። ከተዛመተም በኋላ የአሮጌው በሽታ ጉዳት በብዙ አገሮች ቀንሷል።

እኛ የምናቀርበው አማራጭ «የተገራ» የሚለው ነው። በሬ ለእርሻ፣ በቅሎ ለኮርቻ ይገራል። የተገራ በሬ አልደከመም፤ ጉልበቱ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው ጠባዩ ነው። የተገራ በሬ በሕይወት አለ፤ ይሠራል። ገሪው ደጋግሞ ያለማመደው መሆኑም ከማሸጋገሩ ሥራ ጋር ይስማማል። የተገራ እንስሳ አንዳንዴ ጠባዩ ሊመለስ እንደሚችል ማንም ገበሬ ያውቃል፤ ይህም ሳይንሱ ከሚለው ጋር አይጣላም። «የለዘበ» የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡ አሉ፤ ነገር ግን «ለዘብተኛ» የሚለው ቃል በፖለቲካ ከያዘው ትርጉም በኋላ ወደ ቤተ ሙከራ ማምጣት ያስቸግራል።

በዚህ ቃል ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን። «የተዳከመ» በመማሪያ መጻሕፍትና በጤና ጽሑፎች ሥር ሰድዷል፤ መንቀል ወጪ አለው። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ አሮጌውን ቃል በአንድ ቀን ይጣል አንልም። ግን ቢያንስ «ሕያው» የሚለው ቅጽል ከጎኑ ሳይኖር ብቻውን እንዳይቆም እንጠይቃለን። «ሕያው የተገራ ቫይረስ» ሙሉ ስያሜ ነው፤ «ሕያው የተዳከመ ቫይረስ» የሚታገሡት ስያሜ ነው፤ «የተዳከመ ቫይረስ» ብቻውን ግን አሳሳች ነው።

፬. መልካም የሚመስል ክፉ ቃል

ከተገራው በተቃራኒ የቆመው መራባት እንዳይችል የተደረገው ቫይረስ ነው። የዮናስ ሶልክ የፖሊዮ መርፌ እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራ ላይ ሲውል የያዘው ይህን ዓይነቱን ነው፤ የአልበርት ሴቢን ጠብታ ደግሞ የተገራውን ይዞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መጣ። ለሶልክ ቫይረስ በቋንቋ ሚዛን ከሁሉ የሚልቀው ቃል «የመከነ» ነው። መከነ ማለት መውለድ፣ መራባት አቃተው ማለት ነው፤ «ማምከን» የሚለው ግሥም ፈንጂ ከጥቅም ውጭ ሲደረግ፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃ ከተሕዋስያን ሲጸዳ ይነገራል። የሥነ ቃላት ባለሙያ ይህን ቃል ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ሆኖም ይህን ቃል አጥብቀን እንቃወማለን። ክትባት ሴቶችን መካን ያደርጋል የሚል ሐሰተኛ ወሬ በአፍሪካ በልዩ ልዩ አገሮች ተሰራጭቶ ዘመቻዎችን አሰናክሏል፤ በእ.ኤ.አ. 2003 በሰሜን ናይጄሪያ የፖሊዮ ዘመቻ የተቋረጠው ከእንዲህ ያለ ወሬ ጋር ተያይዞ ነበር። በብልቃጥ መግለጫ ላይ «የመከነ» የሚል ቃል የጻፈ ተርጓሚ ለዚያ ወሬ ማስረጃ የሚመስል ነገር በእጁ ያቀብላል። ቃሉ ስለ ቫይረሱ እንጂ ስለ ተከታቢዋ አይናገርም ብሎ መከራከር ሕዝብን ሰዋስው እንደ መፈተን ነው። ስለዚህ «የተገደለ ቫይረስ» ይቅርልን። ቫይረስ ሕይወት አለው ወይስ የለውም የሚለውን ክርክር ለሥነ ሕይወት ሊቃውንት እንተወው፤ «ሕያው» እና «የተገደለ» የሚሉት ጥንድ ቃላት እናትንም ነርስንም አያሳስቱም።

፭. እንገር፣ ወተትና አንጀት

ተርጓሚው ያለውን ቃል ሳያይ አዲስ የሚፈልግበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ኦሃዮ ኤድዋርድ ቦልና ሊንዳ ሴፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ የአንጀቱ ብግነት በአፏ የገባባት እናት ዓሣማ ልጆቿን በወተቷ እንደምትጠብቅ፣ በመርፌ የተሰጣት ግን እንዲህ እንደማትሆን ታየ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። መርፌው የሚያስገኘው መከላከያ በደም የሚዘዋወረው ዓይነት ሲሆን በመጀመሪያው ቀን ወተት በብዛት ይወጣና ወዲያው ይቀንሳል። በአፍ የገባው ቫይረስ ግን በአንጀት ግድግዳ ያሉትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳል፤ እነዚህ ሕዋሳት ወደ ጡት ተጉዘው ኢሙኖግሎቡሊን ኤ የሚባለውን መከላከያ ለሳምንታት ወደ ወተቱ ያፈስሳሉ። ግልገሉ በጠባ ቁጥር አንጀቱ እንደ ገና ይለበጣል።

ይህን ግኝት «የእናት ወተት ይከላከላል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ዋናውን ነገር ጥሎታል። አማርኛ ለመጀመሪያው ወተት «እንገር» የሚል የታወቀ ቃል አለው፤ ላም ያላቸውም ልጅ የሚያጠቡም ያውቁታል። ስለዚህ ነገሩ በአጭሩ፦ መርፌው እንገሩን ያበረታል፤ በአፍ የሚሰጠው ወተቱን። አንድ የሙያ ጽሑፍ ገጽ ሙሉ የሚያብራራውን ልዩነት ሁለት የገጠር ቃላት ይሸከሙታል።

ከዚሁ የሚወጣ ሌላ ትምህርት አለ። ከሚገባው በላይ የተገራ ቫይረስ በእናቲቱ አንጀት በቂ ሆኖ አይራባም፤ ወተቷም ባዶ ይቀራል። ሳይገራ የቀረው ደግሞ ለግልገሉ አደጋ ነው። የዓሣማ ክትባት ሠሪዎች ብዙ ዓመት የደከሙት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ለማግኘት ነው። «የመገራት ልክ» የሚለው ሐረግ ይህን ይገልጻል፤ «የመዳከም ልክ» ግን የበለጠ መዳከም የበለጠ ደኅንነት ብቻ ያስመስለዋል።

«አንጀት» የሚለው ቃልም ጥንቃቄ ይሻል። ፖሊዮን የሚያመጣው ቫይረስ «ኢንቴሮቫይረስ» ከሚባለው ወገን ነው። ይህን ወገን «የአንጀት ቫይረስ» ብሎ መተርጐም ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ሮታቫይረስም፣ ከላይ የጠቀስናቸው የዓሣማ ተቅማጥ ኮሮናቫይረሶችም በአንጀት የሚኖሩ ሆነው ከዚያ ወገን አይደሉም። የወገን ስም እንደ ሰው ስም ነው፤ አይተረጐምም። «ኢንቴሮቫይረስ» እንዳለ ይጻፍ፤ «የአንጀት ቫይረስ» በአንጀት ለሚኖሩት ሁሉ የወል ስም ይሁን። በአራዳ ፖስታ፣ ባንክና ፋርማሲ አማርኛ ሆነው የቀሩት ማንም ስላልተረጐማቸው ነው፤ አንድ የባዕድ ስም ቢጨመር ቋንቋው አይጐዳም።

፮. ቃሉ ሰው የሚጐዳበት ቦታ

እስካሁን ያነሣናቸው ልዩነቶች የሊቃውንት ጨዋታ የሚመስሉት ሰው ካለ እዚህ ላይ ቆም ይበል። ሁለተኛው ዓይነት የዱር ፖሊዮ ቫይረስ ከምድር መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተረጋገጠ፤ በቀጣዩ ዓመት በሚያዝያ ወር ይህ ዓይነት ከጠብታው እንዲወጣ በዓለም ሁሉ ተደረገ። ይሁን እንጂ ብዙ ልጆች ሳይከተቡ በቀሩባቸው ቦታዎች ከጠብታው የወጣው ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ጎጂነቱን መልሶ አገኘ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2019 በሶማሌ ክልል እንዲህ ያለው ተገኝቷል።

ይህን «ከክትባት የመነጨ ፖሊዮ» ብለን ከጻፍን ሕዝቡ የሚሰማው ጠብታው ልጁን ሽባ እንደሚያደርገው ነው። ነገሩን ደግሞ መደበቅ አይገባም፤ ቫይረሱ ከጠብታው መምጣቱ እውነት ነውና። መፍትሔው በትርጓሜው ውስጥ ሁኔታውን ማስገባት ነው፦ «ሳይከተቡ በቀሩ ልጆች መካከል ለረጅም ጊዜ ሲተላለፍ ወደ ጎጂነቱ የተመለሰ የክትባት ቫይረስ»። ሐረጉ ይረዝማል፤ ግን አደጋውንም መከላከያውንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነግራል፤ መከላከያውም ተጨማሪ ልጆችን መከተብ ነው። «አገረሸ» የሚለው ግሥ እዚህ አይገባም፤ የሚያገረሸው በአንድ በሽተኛ ላይ ያለ ሕመም ነውና። «ሸፈተ» ቢባል ከ«ተገራ» ጋር ጥሩ ጥንድ ይሆን ነበር፤ ግን መዝገበ ቃላት ታሪክ የከበደውን ቃል በችኰላ መውሰድ የለበትም።

«የዱር ቫይረስ» የሚለውም ቢሆን ለፖሊዮ ይሁን እንጂ ወደ ዓሣማ ሲሻገር ያሳስታል። ከርከሮ የዓሣማ በሽታን ተሸክሞ የሚኖርበት አህጉር ውስጥ «የዱር ቫይረስ» የተባለ ሰው ከከርከሮ የመጣ ብሎ ቢረዳው ትክክል ነው። «ያልተገራ ቫይረስ» ብንል ችግሩ ይወገዳል፤ ጥንዱም ሙሉ ይሆናል።

ሌላው ፈተና ዓሣማው ራሱ ወደ ሕፃናቱ ጠብታ ሲመጣ የሚነሣው ነው። ሮታቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1973 በሜልበርን በሩት ቢሾፕና በባልደረቦቿ ከሕፃናት አንጀት ተለይቶ ታወቀ። ሮታሪክስ የሚባለው በአፍ የሚሰጠው ክትባቱ ከአንድ ሕፃን የተገኘ ቫይረስ ተገርቶ የተሠራ ነው፤ በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. መሰጠት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 በአሜሪካ በዚህ ክትባት ውስጥ ሰርኮቫይረስ የሚባል የዓሣማ ቫይረስ ዘረመል ተገኘ። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው አካል ለጊዜው እንዲቆም መክሮ፣ ምርመራው ካበቃ በኋላ በግንቦት መልሶ ፈቀደው፤ ይህ ቫይረስ በሰው ላይም ሆነ በዓሣማው ላይ በሽታ እንደሚያመጣ አይታወቅም።

ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሁለት መጥፎ መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው «ዓሣማ» የሚለውን ቃል በባዕድ ስም መሸፈን ነው፤ ሕዝብ የተሸፈነውን ሲያገኝ ሁሉንም ይጠራጠራል። ሁለተኛው «በክትባቱ ውስጥ ዓሣማ ተገኘ» ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሐሰት ነው። ትክክለኛው አማርኛ «በዓሣማ ላይ የሚኖር፣ በሽታ እንደሚያመጣ የማይታወቅ ቫይረስ ዘረመል ተገኘ» ይላል። ሃይማኖቱን የሚያከብር ሰው በሙሉ ቃል የተነገረውን መመዘን ይችላል፤ ሊመዝን የማይችለው የተሰወረውን ነው።

፯. የአገር ውስጥ ምስክር

ቃላቶቻችን ለዚህ ሥራ እንግዳ አለመሆናቸውን የሚያስረዳን የቢሾፍቱ ታሪክ ነው። ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 ከተቋቋመ ወዲህ ሕያው የተገሩ ክትባቶችን በአገር ውስጥ ያመርታል። ከእነዚህ አንዱ የዶሮ ፈንግል ክትባት ነው፤ ሙቀትን የሚቋቋመው ዝርያው በዓይን ጠብታ ወይም በሚጠጣ ውሃ ይሰጣል። ባለሙያው የበሽታውን ስም ከእንግሊዝ ከተማ ተውሶ «ኒውካስል» ይለዋል፤ ዶሮ ያላት ሴት ግን «ፈንግል» ስትል ምን እንደ ገባ ወዲያው ታውቃለች። በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ ሠፈሮች አንዱ «ዶሮ ማነቂያ» ይባል ነበር፤ ሠፈሩ ሲፈርስ ስሙ በሰው አፍ ቀርቷል። ሕዝብ ያወጣው ስም ዕድሜ አለው።

በ1880ዎቹ መጨረሻ በእ.ኤ.አ. አቈጣጠር የገባውና ክፉ ቀንን ያስከተለው የከብት በሽታ «ደስታ» ተብሎ ይጠራል፤ ክፉውን በመልካም ስም መጥራት የአገራችን ጥንታዊ ልማድ ነው። ይህ በሽታ ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ በገራው ቫይረስ ክትባት ዋና መሣሪያነት ከምድር ጠፍቷል፤ መጥፋቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታወጀ። ክትባቱ ደጋግሞ በሕብረ ሕዋስ በማሸጋገር የተሠራ ነበር። የከብት ባለቤቱ «የደስታ ክትባት» ሲል አልተሳሳተም።

ስለዚህ ለስያሜ ኮሚቴ የምናቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ሕያው የሆነውንና ኃይሉ የተቀነሰውን ቫይረስ «ሕያው የተገራ»፣ ያልተለወጠውን «ያልተገራ»፣ መራባት የማይችለውን «የተገደለ» እንበል። ዕቃው «ክትባት»፣ ድርጊቱ «መከተብ»፣ እውነተኛውን በሽታ መስጠት «ሆን ብሎ ማስያዝ» ይሁን። «እንገር» እና «ወተት» አይቀላቀሉ። «አፋዊ» እና «የመከነ» ከክትባት ጋር አይጻፉ። ጠቅላላውን ዝርዝር በመዝገብ ከማስፈር በፊትም ከጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ፣ ሕዝቡ እስካሁን «ፓስተር» ብሎ በሚጠራው የምርምር ተቋም ለሚሠሩት ባለሙያዎች፣ በአራዳ ጤና ጣቢያዎች ተራ ለሚጠብቁት እናቶችም ይነበብላቸው። ባለሙያው ሲያርመው፣ እናቶቹም ያለ ማብራሪያ ሲደግሙት ብቻ ቃሉ ጸድቋል እንላለን።